ከመግዛታችሁ በፊት የጎደለውን እወቁ



ባለፈው ዓመት አንድ ሙሉ ሴሚስተር አልጋዬ ሥር የተቀመጠ ግራፊክስ ካርድ ነበረኝ። አልተበላሸም። ሁለት ማራገቢያ ያለው፣ ሲያዩት ደስ የሚል ካርድ ነበር። ችግሩ ኮምፒውተሬ ውስጥ አለመግባቱ ነው።

የገዛሁት ሪያድ የምትሠራው እህቴ ለመጨረሻ ዓመት ፕሮጀክቴ በላከችልኝ ገንዘብ ላይ የራሴን ጨምሬ ነው። ለራሴ የማቀርበው ምክንያትም አላጣሁም፤ «ለፕሮጀክቱም ይረዳኛል፣ ማታ ማታ ደግሞ ከልጆቹ ጋር ኳስ እጫወትበታለሁ» አልኩ። ኮምፒውተሬ ከውጭ አገር ቢሮዎች ወጥተው አገራችን ከሚገቡት ቀጫጭን ዴስክቶፖች አንዱ ነው፤ ስድስተኛ ትውልድ ኮር አይ 5 ፕሮሰሰር፣ 4 ጊጋባይት ራም፣ 500 ጊጋባይት ሃርድ ዲስክ። ካርዱን ይዤ ዶርም ገባሁና ክዳኑን ስከፍት ካርዱ ከሳጥኑ በለጠ። ሳጥኑ ክፍት ሆኖ ይሥራ ብል እንኳ ካርዱ ከፓወር ሰፕላይ የሚመጣ ባለ 8 ፒን ገመድ ይፈልጋል፤ የእኔው ደግሞ እንዲህ ያለ ገመድ የለውም። ሱቁ አልመልስም አለ። ብዙም አልፈርድበትም፤ ኮምፒውተሬ ምን ዓይነት እንደሆነ እኔም አልነገርኩት፣ እሱም አልጠየቀኝ።

በመጨረሻ ካርዱን በኪሳራ ሸጥኩት። ከተመለሰልኝ ገንዘብ በከፊሉ አንድ ኤስኤስዲና አንድ ተጨማሪ ራም ገዛሁ። ሁለቱ ዕቃዎች አንድ ላይ ካርዱን የገዛሁበትን ዋጋ ግማሽ እንኳ አይሞሉም። ኮምፒውተሬ ግን የዳነው ያን ዕለት ነው። ለእህቴ የነገርኳት ከወራት በኋላ ነው። «ይሁን» አለችኝ፤ ያቺ «ይሁን» ግን እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለች።

ይህን የምጽፈው በዚህ ሴሚስተር ብቻ ሦስት ልጆች ከዒሻ በኋላ እየመጡ «ለጌም የትኛውን ካርድ ልግዛ?» ብለው ስለጠየቁኝ ነው። ሦስቱም ካርድ እንደሚያስፈልጋቸው እርግጠኞች ናቸው። «ኮምፒውተርህ አሁን የሚንቀራፈፈው በየትኛው ዕቃ ምክንያት ነው?» ስላቸው ግን አንዱም መልስ የለውም። የእኔ አቋም ይህ ነው፤ በተማሪ ኪስ የጌም ኮምፒውተር የሚያሻሽል ሰው መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «ምን ልግዛ?» ብሎ ሳይሆን «የሚያስጠብቀኝ የትኛው ነው?» ብሎ ነው። ከሁሉ ውድ የሆነው ዕቃ ብዙ ጊዜ የጎደለው ዕቃ አይደለም።

ስህተት ዛሬ ከድሮው ይበልጥ ውድ ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ አንድ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አልፏል። የኮምፒውተር ዕቃ ደግሞ ከውጭ ነው የሚገባው። ዘመድ ከዱባይ ወይም ከጂዳ ቢያመጣልንም ያው ነው፤ አልሆነም ብለን የምንመልስበት ሱቅ ባሕር ማዶ ነው ያለው።

ሰልፉ የቆመው የት ነው?

የግቢያችንን ካፌ አስቡት። እንጀራ የሚያቀብለው ፈጣን ነው፤ ወጥ የሚጨልፈው ግን ቀርፋፋ ነው። እንጀራ የሚያቀብሉ ሁለት ሰዎች ብንጨምር ሰልፉ ይፈጥናል? አይፈጥንም። ሰልፉ የሚሄደው በወጥ ጨላፊው ፍጥነት ነው። ኮምፒውተርም እንዲሁ ነው። ሃርድ ዲስኩ ዕቃውን ከመጋዘን ያወጣል፣ ራም ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጠዋል፣ ፕሮሰሰሩ ያዘጋጀዋል፣ ግራፊክስ ካርዱ ሥዕሉን ይስላል። ከአራቱ አንዱ ሲያዘግም ሌሎቹ ቆመው ይጠብቁታል።

የሚያዘግመውን ለማወቅ አንድ ብር አያስፈልግም። ጌሙን ክፈቱ፤ ሩብ ሰዓት ያህል ተጫወቱ፤ ከዚያ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጭናችሁ ታስክ ማናጀርን እዩ። ሜሞሪው ከ90 በመቶ በላይ ከሆነ ራም አንሷችኋል። ዲስኩ 100 በመቶ ላይ ተጣብቆ ጌሙ በየመሃሉ ስታክ የሚያደርግ ከሆነ ችግሩ ሃርድ ዲስኩ ነው፤ ወይም ራሙ ሞልቶ ዊንዶውስ ትርፉን ወደ ዲስክ እየገለበጠ ነው።

ሁለቱም ደህና ከሆኑ ሌላ ሙከራ አለ። የጌሙን ሬዞሉሽን ከ1920 በ1080 ወደ 1280 በ720 ዝቅ አድርጉትና በሴኮንድ የሚታየውን የፍሬም ብዛት አወዳድሩ። ስቲም ላይ ያለ ጌም ከሆነ ስቲም ራሱ ቁጥሩን ማያው ጥግ ላይ ያሳያችኋል። ቁጥሩ በጣም ከጨመረ የሚያዘግመው ግራፊክስ ካርዱ ነበር፤ የሚስለው ሥዕል ሲያንስለት ቀለለው ማለት ነው። ቁጥሩ ካልተንቀሳቀሰ ግን ካርዱ ሥራ ፈትቶ ፕሮሰሰሩን እየጠበቀ ነው። እንዲህ ላለ ኮምፒውተር አዲስ ካርድ መግዛት እንጀራ አቀባይ መጨመር ነው።

ሦስተኛው ሙከራ ክዳኑን መክፈት ነው። የበጋ አቧራ ማራገቢያውን ሸፍኖት፣ ፕሮሰሰሩ ላይ የተቀባው የሙቀት ቅባት ደርቆ ኮምፒውተሩ ሲግል ፕሮሰሰሩ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ለመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃ ደህና ሠርቶ ከዚያ የሚንቀራፈፍ ጌም ብዙ ጊዜ ሙቀት ነው ችግሩ። ለስላሳ ብሩሽና አዲስ ቅባት ከየትኛውም ዕቃ ይረክሳሉ።

ራምና ኤስኤስዲ ይቅደሙ

በግቢያችን ከማያቸው ኮምፒውተሮች አብዛኞቹ የሚያዘግሙት እዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 የወጡት ካውንተር ስትራይክ 2 እና ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ 24 ሁለቱም ቢያንስ 8 ጊጋባይት ራም ይጠይቃሉ። 4 ጊጋባይት ባለው ኮምፒውተር ላይ የፈለጋችሁትን ካርድ ብትሰኩ ጌሙ ስታክ ማድረጉን አይተውም።

ራም ስትገዙ ሁለት ነገር አስተውሉ። አንደኛ፣ ትውልዱን። ዲዲአር 3 እና ዲዲአር 4 ጥርሳቸው የተሰነጠቀበት ቦታ ስለሚለያይ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። አራተኛ ትውልድ ኢንቴል ያለው ዴስክቶፕ ዲዲአር 3 ነው የሚፈልገው፤ ከስድስተኛ ጀምሮ ያለው በአብዛኛው ዲዲአር 4 ነው። ሁለተኛ፣ አንድ 8 ጊጋባይት ብቻውን ከማስቀመጥ ሁለት ባለ 4 ጊጋባይት በትክክለኛው ቦታ መሰካት ይሻላል፤ ፕሮሰሰሩ በአንድ መንገድ ፈንታ በሁለት መንገድ ያነባል። የተለየ ግራፊክስ ካርድ የሌለው ኮምፒውተር ሥዕሉን የሚስለው ከዚሁ ራም ላይ ተበድሮ ስለሆነ ልዩነቱ ጌም ላይ በዓይን ይታያል።

ሃርድ ዲስክ ትልቅ ፋይል በሴኮንድ ከ100 እስከ 150 ሜጋባይት አካባቢ ሲያነብ ተራው ሳታ ኤስኤስዲ 500 ገደማ ያነባል። ዋናው ልዩነት ግን የተበታተኑ ትንንሽ ፋይሎች ላይ ነው፤ ሃርድ ዲስኩ ለእያንዳንዱ የሚያነብበትን ክንድ ማንቀሳቀስ አለበት፣ ኤስኤስዲ ግን የሚንቀሳቀስ አካል የለውም። ትንሿን ኤስኤስዲ ለዊንዶውስና ለምትጫወቱት ጌም፣ አሮጌውን ሃርድ ዲስክ ለሌክቸርና ለፊልም አድርጉት።

እዚህ ላይ «ኤስኤስዲ እኮ ፍሬም አይጨምርም» የሚል ወንድም አይጠፋም። እውነት ነው፤ አይጨምርም። የሚቀንሰው ጥበቃውን ነው። ግን ኮምፒውተራችሁን በቀን ስንት ሰዓት ለጌም፣ ስንት ሰዓት ለማትላብ፣ ለአውቶካድ፣ ለአሳይመንት ነው የምትጠቀሙበት? ራምና ኤስኤስዲ ለሁሉም ይሠራሉ፤ ትልቅ ካርድ ግን የሚሠራው ለጥቂቱ ነው። ብሌንደር የሚጠቀም ወይም ማሽን ለርኒንግ የሚሠራ ተማሪ ካርድ ያስፈልገዋል፤ እሱንም ቢሆን 4 ጊጋባይት ራም አያስኬደውም።

ካርድ ከመግዛት በፊት ፓወር ሰፕላይ

ራሙም ዲስኩም ደህና ከሆነና የሬዞሉሽኑ ሙከራ ካርዱን ካጋለጠው፣ አዎ፣ ካርድ ግዙ። ያኔ ከካርድ የተሻለ ለጌም የሚጨምር ዕቃ የለም። ግን መጀመሪያ ፓወር ሰፕላዩ ጎን ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ አንብቡ። በ12 ቮልቱ መስመር የተጻፈውን አምፔር በ12 አባዙት፤ 18 አምፔር ከሆነ 216 ዋት ነው። ለፕሮሰሰሩም ለካርዱም የሚበቃው ይህ ነው፤ ሳጥኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ቁጥር ብቻ አትመኑ።

ማዘርቦርዱ ላይ ያለው የካርድ መሰኪያ እስከ 75 ዋት ይሰጣል። ባለ 6 ፒን ገመድ 75 ዋት፣ ባለ 8 ፒን ገመድ 150 ዋት ይጨምራል። ገመዱ ከሌላችሁ «በዚህ አስማሚ ከዲስኩ ገመድ ቀጥለው» የሚሏችሁን አትስሙ፤ የዲስክ ገመድ ለዚያ ያህል ኃይል አልተሠራም፣ ሊቀልጥ ይችላል። «80 ፕላስ» የሚለው ምልክትም ኃይል እንደማያባክን እንጂ መብራት ሄዶ ሲመጣ እንደሚቋቋም አይነግራችሁም። መብራት በሚዋዥቅበት ሰፈር ፓወር ሰፕላይ ላይ መቆጠብ በሌሎቹ ዕቃዎች ሁሉ መቆመር ነው።

ተጨማሪ ገመድ ለሌላቸው የቢሮ ዴስክቶፖች የሚሆኑ ካርዶች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ እና በ2019 የወጣው ጂቲኤክስ 1650 ሁለቱም 4 ጊጋባይት ያላቸው፣ 75 ዋት የሚበቃቸው ናቸው፤ ለቀጭን ሳጥን የተሠራ አጭር ዓይነትም አላቸው። ከሁለቱም ግን ባለ 6 ፒን ገመድ የሚጠይቁ ሞዴሎች ስላሉ ጫፉን ሳታዩ አትግዙ። አርኤክስ 580 ከሁለቱም ይበረታል፤ ግን 185 ዋት ይፈልጋል፣ ቀጭን ሳጥን ውስጥም አይታሰብም።

ስም ደግሞ ያታልላል። ጂቲ 1030 የሚባለው ካርድ በሁለት ዓይነት ሜሞሪ ተሠርቷል፤ ዲዲአር 4 ያለው ጂዲዲአር 5 ካለው ጋር ሲነጻጸር የሜሞሪ ፍጥነቱ ወደ አንድ ሦስተኛ ይወርዳል፤ ስማቸው ግን አንድ ነው። አርኤክስ 6500 ኤክስቲም በአዲስ ማዘርቦርድ ላይ ደህና ሠርቶ በድሮ ቦርድ ላይ ይደክማል፤ ከቦርዱ ጋር የሚገናኘው በአራት መስመር ብቻ ስለሆነ አሮጌው ቦርድ መንገዱን ያጠብበታል። ሞኒተራችሁንም አትርሱ። 60 ኸርዝ የሆነ ሞኒተር በሴኮንድ ከ60 በላይ ሙሉ ሥዕል አያሳያችሁም። 140 ፍሬም የሚሰጥ ካርድ ገዝቶ በ60 ኸርዝ ማየት ለማትበሉት ምግብ መክፈል ነው።

ፕሮሰሰርና ላፕቶፕ

ፕሮሰሰር መቀየር ብዙ ጊዜ ማዘርቦርድንና ራምን ይጎትታል፤ ስለዚህ በመጨረሻ ይምጣ። ስድስተኛና ሰባተኛ ትውልድ ኢንቴል የሚሰካበትም፣ ስምንተኛና ዘጠነኛ የሚሰካበትም መሰኪያ ስሙ ኤልጂኤ 1151 ነው። ስሙ አንድ ስለሆነ ብቻ ስምንተኛ ትውልድ ገዝታችሁ ስድስተኛው ቦርድ ላይ ብትሰኩት አይሠራም። ኤኤምዲ ላይ ዕድላችሁ የተሻለ ነው፤ በ2017 ከራይዘን 5 1600 ጋር የተሸጡ ብዙ ኤኤም 4 ቦርዶች ባዮሳቸው ከታደሰ በ2022 የወጣውን ራይዘን 5 5600 ይቀበላሉ። ኮምፒውተራችሁ ሁለት ኮር ብቻ ያለው የዲዲአር 3 ዘመን ከሆነ ግን ምክሬ ምንም አትግዙለት የሚል ነው። ገንዘቡን አስቀምጡት፤ እያንዳንዱ ብር ወደማይቀጥል ቤት የሚገባ ጡብ ነው።

ላፕቶፕ ያላችሁ፣ ግራፊክስ ካርዱ ቦርዱ ላይ ስለተበየደ አትቀይሩትም። ራምና ኤስኤስዲ ግን በብዙዎቹ ይቀየራሉ። በአንዳንድ ቀጫጭኖች ራሙም የተበየደ ነውና ከመግዛታችሁ በፊት ሞዴሉን ፈትሹ ወይም ከፍታችሁ እዩ።

ያገለገለ ዕቃና ዐማና

አብዛኞቻችን የምንገዛው ያገለገለ ዕቃ ነው፤ ነውርም የለበትም። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2022 ኢቴሪየም በግራፊክስ ካርድ መመረቱ ሲያበቃ ቀንና ሌሊት ሲሠሩ የኖሩ ብዙ ካርዶች ወደ ያገለገለ ዕቃ ገበያ ገብተዋል። ከእነሱ ደህና የሆነ አይጠፋም፤ ማራገቢያውና ቅባቱ ግን መታየት አለበት። ውስጡ አሮጌ ሆኖ ስሙ ብቻ ወደ 1050 ቲአይ የተቀየረ ሐሰተኛ ካርድም አለ። ጂፒዩ ዜድ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም እንዲህ ያሉትን ብዙዎቹን ለይቶ ያሳያል። ስለዚህ በራሳችሁ ዓይን ሲሠራ ሳታዩ፣ ቢያንስ ለሃያ ደቂቃ ጌም ሳታስሩጡበት ብር አትክፈሉ።

ለሻጮችም አንድ ቃል አለኝ፤ እኔም ሻጭ ነበርኩና። ያን ካርድ ስሸጥ የገዛኝን ልጅ ሳጥኑን ከፍቶ እንዲያሳየኝ ጠየቅኩት፤ እኔ የወደቅኩበት ጉድጓድ ውስጥ እሱን መጣል አልፈለግኩም። ይገባል፣ ገመዱም አለው። የዕቃን ዐይብ መናገር እንዳለብን ሁላችንም እናውቃለን። ዕቃው ምንም ዐይብ ሳይኖርበት ለገዢው እንደማይሆነው እያወቁ ዝም ማለትስ? እኔ ሁለቱን አልለያቸውም።

አንድ ሐሳብ ለጀመዓችን

ስለዚህ የምለው ይህ ነው። በየዶርሙ ከተቀየሩ ኮምፒውተሮች የወጡ ዕቃዎች በመሳቢያ ተቀምጠዋል፤ ባለ 4 ጊጋባይት ራም፣ ትንሽ ኤስኤስዲ፣ አሮጌ ካርድ። የአንዳችን ትርፍ ለሌላው መሞከሪያ ይሁን። እነዚህን በአንድ ሳጥን እንሰብስብ፤ በሳምንት አንድ ቀን፣ ለምሳሌ ቅዳሜ ከዐስር በኋላ፣ ዕቃ ለመግዛት ያሰበ ሰው ኮምፒውተሩን ይዞ ይምጣ። ራም ሰክተን እንየው። ኤስኤስዲ አስገብተን እንየው። ለውጥ ካመጣ ያንኑ ይግዛ፤ ካላመጣ ገንዘቡ ኪሱ ውስጥ ይቆያል። ቴክኒሻን መሆን አያስፈልግም፤ አንድ ዊንዳይቨርና ትዕግሥት ይበቃል። የእህቶች ዶርምም የራሱ ሳጥን ይኑረው፤ ከእኔ የተሻለ ኮምፒውተር የሚፈቱ እህቶች እንዳሉ አውቃለሁ።

እኔ ለመጀመር ያህል ከኮምፒውተሬ ያወጣሁትን 500 ጊጋባይት ሃርድ ዲስክ አመጣለሁ። ፈጣን አይደለም። ግን አንድ ልጅ ከራሱ ኤስኤስዲ ጋር አወዳድሮ ልዩነቱን በዓይኑ ካየበት፣ ለእህቴ ገንዘብ የሚገባውን ጥቂት ሥራ ሠራ ማለት ነው።

ወሰላሙ ዓለይኩም።